ከኮቶ ወደ ክራር፦ የአሸናፊ ከበደ ሕይወት

የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን ወደ ንጉሥ፣ ወደ አርበኛ ወይም ወደ ደራሲ እንሮጣለን። እኔም እንደዚያው ላደርግ ነበር። የእኔን ሰው ያገኘሁት ግን በጃፓን በኩል ዞሬ ነው። ጃፓንና ደብረ ማርቆስን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ታገሱኝና ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ዓመት የዶርም ጓደኛዬ ከእረፍት ሲመለስ አንድ ፍላሽ ሙሉ ዘፈን ይዞ መጣ። የጃፓንና የኮሪያ ሮክ ነው አለኝና ሳቅኩበት። እኔ የማውቀው የኮሪያ ነገር ድራማውን ነው፤ ከጃፓን ደግሞ መኪናውን። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ሥራ ስላልነበረን በስልኩ ከፍተን ማዳመጥ ጀመርን። መጀመሪያ የመጣው ፍላወር ትራቭሊን ባንድ የሚባሉ ጃፓናውያን በ1971 ያወጡት «ሳቶሪ» የሚባል አልበም ነበር። ዘፋኙ ይጮኻል፣ ጊታሩ ይጎተታል፣ ዘፈኑም ቶሎ አያልቅም። ቀጥሎ ሺን ጁንግ ህዩን የሚባል ኮሪያዊ ጊታሪስት በ1974 ያወጣው ዘፈን መጣ። ርእሱ ቆንጆዋ እንደማለት ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ሳይኬደሊክ ሮክ የሚሉት በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ የተጀመረ፣ ድምፁን እያስተጋቡና እያጠማዘዙ አድማጩን በሐሳብ ይዞ የሚነጉድ ሙዚቃ ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክ ደግሞ የሦስት ደቂቃ ዘፈን አልበቃ ያላቸው ሰዎች ከክላሲክና ከጃዝ እየቀላቀሉ እንደ ረጅም ተረት የሠሩት ነው። ጃፓኖቹና ኮሪያዎቹ ይህን ከውጭ ተቀበሉ። ሺን ጁንግ ህዩን ራሱ ሙያውን የጀመረው በኮሪያ በነበሩ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች እየተጫወተ ነው። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 የዘመቱባት አገር መሆኗን ሳስብ ነገሩ ቀረበኝ። ሰዎቹ ግን የተቀበሉትን እንዳለ አልደገሙትም። የአገራቸውን ዜማ ከተቱበት። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው። ጊታሩ የውጭ ነው፤ ዜማው ግን የሆነ ቦታ የሰማሁት ይመስለኛል። የት እንደሰማሁት ነበር የጠፋኝ።

መልሱን ያገኘሁት ሮብ ገበያ አካባቢ ካለው ቤታችን ነው። ለእረፍት ስሄድ ፍላሹን ወደ ስልኬ ገልብጬ ነበር። ጓደኛዬ ከሮኩ ጋር የቆየ የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃም ጨምሮበታል። ከነዚያ አንዱ «ሮኩዳን» ይባላል፤ ኮቶ በሚባል አሥራ ሦስት ክር ባለው፣ መሬት ላይ ተጋድሞ በሚመታ ረጅም መሣሪያ የሚጫወቱት ነው። ምሽት ላይ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ከፈትኩት። የጮቄ ብርድ ስለሆነ ሁሉም እሳቱን ከቦ ተቀምጧል። አጎቴ ድንች እየላጠ ነበር። እጁን አቆመና እንደገና ክፈተው አለኝ። ደግሜ ከፈትኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስከፍተኝ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባና ከጎተራው ኋላ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ክራር ነበር! ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ሳድግ ክራር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ቀስ እያለ ቃኘውና ከጃፓኑ ኮቶ ጋር አብሮ መታው። አንድ ሁለቴ ሳተ፣ ከዚያ ገጠመ። የኛው ትዝታ እኮ ነው ብሎኝ አረፈ። አያቴ ፊቷን አዞረች። በእሷ ዘንድ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ነው፤ ቤት ውስጥ አይመታም። አጎቴ ወጣት ሳለ በዚህ ምክንያት ከቤት ወጥቶ እንደነበር የሰማሁት በዚያ ምሽት ነው። ክራሩን ጠቅልሎ መልሶ አስቀመጠው፤ ማንም ምንም አላለም።

ወደ ካምፓስ ስመለስ ሁለት ጥያቄ ይዤ ነበር። የጃፓን ኮቶ ከጎጃም ክራር ጋር እንዴት ገጠመ? ክራርስ እንዴት የሰይጣን ሆነ? ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁት አንድ ሰው ነው፤ አሸናፊ ከበደ።

አሸናፊ ከበደ በ1938 አዲስ አበባ ተወለደ። ያኔ አገራችን በጣልያን ወረራ ሥር ነበረች። ያደገው ከነፃነት በኋላ ነው፤ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ከተማውን በነሐስ መሣሪያ ድምፅ በሞሉበት ዘመን። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ ማለት የውጭ መሣሪያ ነበር፤ አስተማሪዎቹም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ አሸናፊ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። ትምህርት ቤቱ በዚያ አገር ከታወቁት አንዱ ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ እዚያው መቅረት የሚችል ሰው ነበር፤ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ተመልሶም በ1960ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከእኛ ትንሽ ከፍ የሚል ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በቅዱስ ያሬድ ነው። የፒያኖና የቫዮሊን ትምህርት በሚሰጥበት ቤት በር ላይ የዜማ አባት ስም መጻፉ ራሱ ትርጉም አለው። አሸናፊ ልቡ ያለው እዚያ ላይ ነበር፤ አዲሱን መማር፣ የራስን ደግሞ እንደ ትምህርት መያዝ። በጎን ልብ ወለድም ጽፏል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ርእሱም ሲተረጎም ኑዛዜ ማለት ነው።

ከሥራዎቹ በስም የታወቀው «እረኛው ባለዋሽንት» ነው። እንደ ጎጃም ልጅነቴ ይህ ርእስ ሆዴን ባር ባር ያሰኘዋል። እዚህ እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ዋሽንት ምን እንደሆነ አይጠየቅም። ከብቱን ሜዳ ላይ ለቆ፣ ከሸምበቆ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት በስቶ ነው የሚሠራው። አሸናፊ ያንን ድምፅ ወስዶ በትልቅ ኦርኬስትራ መሀል አስቀመጠው። በ1967 ሃንጋሪ ሄዶ የአገሪቱን ኦርኬስትራ በመምራት የራሱን ድርሰት አሰማ። ሃንጋሪዎች ከራሳቸው ሰው ከዞልታን ኮዳይ ጋር አመሳሰሉት። ይህ ቀላል ምስጋና አይደለም። ኮዳይ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በመቅረጫ የሰበሰበ፣ ከዚያም በዚያ ዜማ ላይ ትልልቅ ድርሰት የሠራ ሰው ነው። ያረፈውም በዚያው በ1967 ነው።

አሁን ወደ ጃፓን ልመለስ። አሸናፊ በዚያው ዘመን «ኮቱራሲያ» የሚባል ድርሰት ሠራ። በውስጡ የጃፓኑን ኮቶ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር አቀናጅቷል። የኢትዮጵያንና የጃፓንን ዜማ በወረቀት ላይ ያገናኘ ሥራ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። አጎቴ ምድጃ ዳር በጆሮው የደረሰበትን ነገር ይህ ሰው ከሃምሳ ዓመት በፊት ደርሶበት ኖሯል!

ነገሩ ተአምር አይደለም፤ ምክንያት አለው። የእኛ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ቅኝቶች ናቸው። የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃም ብዙው በአምስት ድምፅ ነው። ታዲያ አምስት ድምፅ ያለው ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ቁም ነገሩ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ኮቶ በተለምዶ የሚቃኝበት አንዱ መንገድ ሂራጆሺ ይባላል። ሮኩዳንም በዚሁ ቅኝት ነው የሚመታው። ሂራጆሺ የሚይዛቸው አምስት ድምፆች ከእኛ ሐዘን ከሚጫነው የትዝታ ዓይነት ጋር አንድ ናቸው። የዚያኑ ቅኝት መነሻ ብቻ ብንቀይር ደግሞ አምባሰል ይወጣል። ሁለቱ ሕዝቦች ይህን ተነጋግረው አልወሰኑም፤ በየራሳቸው ነው የደረሱበት። የሮኩ ጊታር የሆነ ቦታ የሰማሁት የመሰለኝም ለዚህ ነው። ባለጊታሩ ልጅ ሆኖ የሰማው ዜማና እኔ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ዜማ ጎረቤታሞች ናቸው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አሸናፊ እንደገና ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1971 በኮነቲከት ከሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ጽፎ ዶክትሬቱን አገኘ። ይህ «ሳቶሪ» የወጣበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። አዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ገባባት፤ የምሽት ቤቶችና ባንዶች ተዳከሙ። የሚገርመው ኮሪያም እንደዚሁ ነበረች። ሺን ጁንግ ህዩን በ1975 ታሰረ፣ ዘፈኖቹም ታገዱ። አሸናፊ ከዚያ በኋላ ኑሮውና ሥራው በአሜሪካ ሆነ። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1982 ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሥር የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ከአገሩ ቢርቅም የሚጽፈው ስለ አገሩ ነበር። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1980 ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና ቤተ እስራኤላውያን ቅዱስ ዜማ ጻፈ።

በ1977 ደግሞ ስለ ክራር ጻፈ። ርእሱ ላይ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይለዋል። የአያቴ ቃል በእንግሊዝኛ፣ በአሜሪካ መጽሔት ላይ! የሕዝቡን ስም ነው ርእስ ያደረገው፤ ክራሩን ሊሰድብ አይደለም። በገና የዳዊት ነው፣ የጾምና የጸሎት ነው፣ ጌቶችና ካህናት ይይዙታል። ክራር ግን የፍቅር፣ የመጠጥና የጭፈራ ነው። ቅርፃቸው የአንድ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ ክብራቸው ለየብቻ ሆነ። ስለዚህ አያቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ብዙ ዘመን የቆየ ፍርድ ነው የያዘችው። ክራሩም አልበደለም፤ ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው ስሙ የጠፋው። አጎቴ ይህን የሚነግረው ሰው ወጣት እያለ ቢያገኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ስለ ክራራችን እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው ነበረን፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ አጎቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነብም። በቅሬታው አሸናፊን አልወቅስም። እሱ በተሰጠው ቦታና ቋንቋ ሠራ። ተርጉሞ ወደ መንደር ማድረስ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ምናልባትም ጋዜጠኝነት እንማራለን የምንለው የእኛ።

አሸናፊ ከበደ በ1998 በስልሳ ዓመቱ አካባቢ በአሜሪካ አረፈ። በዚያው ሰሞን ነበር ኢትዮፒክስ የሚባሉት ሲዲዎች በፈረንሳይ መውጣት ጀምረው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘፈኖቻችንን ዓለም መስማት የጀመረው። ዛሬ አንድ የጃፓን ወጣት የእኛን የድሮ ሙዚቃ ሰምቶ እኔ በ«ሳቶሪ» እንደተገረምኩት ይገረም ይሆናል። አሸናፊ ያን ዕለት በደንብ ለማየት አልታደለም።

ከሕይወቱ እኔ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። የሌላውን ለመስማት የራስህን መተው የለብህም፤ እንዲያውም የራስህን በደንብ ያወቅህ ቀን ነው የሌላው የሚገባህ። እሱ ኮቶን ያገኘው ክራርን ስለሚያውቅ ነው። እኔ በተቃራኒው ከኮቶ ተነሥቼ ነው ክራር ጋ የደረስኩት። መንገዱ ቢዞርም ደርሻለሁ።

ለፋሲካ ቤት ሄጄ ነበር። ከዲፓርትመንታችን የተዋስኩትን መቅረጫ ይዤ አጎቴን ከቤታችን ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አስቀመጥኩት። አርባ ደቂቃ ያህል ቀረጽኩት፤ የንፋሱና የበጎቹ ድምፅም አብሮ ገብቷል። ስለ አሸናፊ ጽሑፍ በአማርኛ እየነገርኩት ሳለ አያቴ በጓሮ በኩል ወጥታ ቆመች። ምንም አልተናገረችም። ግን እስከ መጨረሻው አልገባችም።