አበበ ቢቂላ፦ ከጃቶ ዳገት እስከ ኖርዌይ በረዶ

ሐዋሳ፦ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው ከብት እየጠበቀ፣ ዳገት እየወጣና ቁልቁለት እየወረደ ነው። እንደ ሲዳማው ሁላ ሁሉ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ያደገ ልጅ፣ ልቡና ሳንባው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጥቂት ኦክስጅን ይዞ ብዙ መሥራትን ይለምዳሉ።

አበበ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ተረከበው። ረጅም ርቀት፣ ዳገትና ፈጣን ምልልስ በየፈርጁ እያፈራረቀም አሠለጠነው።

አሠልጣኙ የመጣበት የሰሜን አውሮፓ ምድር የስፖርተኛን ትንፋሽ በመለካት ስመ ጥር ነው። በረዶ ላይ በሸርተቴ ረጅም ርቀት የሚወዳደሩ የስዊድንና የኖርዌይ ስፖርተኞች በቤተ ሙከራ ይፈተናሉ። ተፈታኙ አፍና አፍንጫውን በሚሸፍን ጭምብል እየተነፈሰ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ይሮጣል። ፍጥነቱ ወይም ዳገቱ በየጊዜው ይጨመርበታል። የሚያስወጣው አየር ተለክቶ፣ ከሳበው ኦክስጅን ሰውነቱ ምን ያህሉን እንደተጠቀመ ይሰላል። ፍጥነቱ ቢጨመርም የኦክስጅኑ መጠን አልጨምር ሲል የሰውዬው ጣሪያ ታወቀ ማለት ነው።

ጤናማ ወጣት ወንድ በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደቱ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። ታላላቅ የማራቶን ሯጮች ከ70 በላይ ይደርሳሉ። እጅና እግራቸውን በአንድነት የሚያሠሩት ምርጥ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ደግሞ ከ80 ያልፋሉ። ልኬቱ ለገበሬ እንደ አፈር ምርመራ ነው። ምርመራው መሬቱ የያዘውን ይናገራል። ምርቱን የሚወስኑት ግን ዘሩ፣ ዝናቡና የገበሬው ትጋት ጭምር ናቸው። የአበበ ሕይወትም ይህንኑ ይመሰክራል።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጠ። የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ዘርፋ የወሰደችው የአክሱም ሐውልት በቆመበት አካባቢ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ። በችቦ ብርሃን በደመቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶም በኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በአምስተኛው ሳምንት ቶኪዮ ላይ ተሰለፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ምርጥ ሰዓት አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣውን ተወዳዳሪ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞት ነበር። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም ከሰው ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ውድድሩን እንደጨረሰ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየው ሕዝብ በአግራሞት ተመለከተው።

የ1961 ዓ.ም የሜክሲኮ ኦሎምፒክ የትንፋሽን ጉዳይ የዓለም መነጋገሪያ አደረገው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 240 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከቆላ የሚመጡ ሯጮች ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በዚያ እንደሚቀንስ ባለሙያዎች አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። በዚህ ስሌት የደጋው ልጅ አበበ ባለ ዕድል ነበር። ሆኖም የእግሩ ሕመም 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አስቆመው። ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አጥንትን አይመዝንም። ድሉን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ የሚያሽከረክረው ቮልስዋገን ተገለበጠ። እንግሊዝ አገር በሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም እግሮቹ ዳግም አልቆሙም። ዓለም የሚያውቀው አካሉ ከድቶት ሳለ ፉክክሩን ግን አልተወም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። ወደ ኖርዌይ ተጉዞም ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ የበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በረዶ የማያውቀው የሸዋ እረኛ፣ የበረዶ ስፖርት ትንፋሽ ተለክቶ በሚመረጥበት አገር አንደኛ ወጣ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። አገሪቱ የሐዘን ቀን አወጀች፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን አስከሬኑን ሸኘ።

ሐዋሳ በ1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የዙሪያዋ ደጋ ደግሞ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ያልፋል። በዚህ ምድር ለሚሮጥ ወጣት ልኬቱ ጠቃሚ ነው፤ የትኛው ሥልጠና እንደሚበጀው ያመለክተዋል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ልጅ ግን ተስፋ ሊቆርጥ፣ ከፍ ያለለትም ልምምዱን ሊያቀል አይገባም። አበበ በሮም ጫማ ሳያገኝ፣ በቶኪዮ ቁስሉ ሳይጠና፣ በኖርዌይም እግሮቹ ሳይታዘዙት አሸንፏል።