ኦኔሲሞስ ነሲብ

ተማሪዎች ሆይ! በጭሮ፣ በሂርናና በገለምሶ ገበያዎች አማርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ሲነገሩ ትሰማላችሁ። ሰው አምላኩን በእናቱ ቋንቋ ለማነጋገር ምን ያህል እንደሚደክም ከሚከተለው የሕይወት ታሪክ ተረዱ።

ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። ገና በአራት ዓመታቸው አባታቸው ሞቱባቸው። ቆይቶም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው ሸጧቸው፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፉም ምጽዋ ደረሱ። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

ይሁን እንጂ ከባርነት መፈታት ብቻውን ያጡትን አባትና እናት አይመልስም። በእግዚአብሔር አባትነት አምነው፣ እ.ኤ.አ. በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቁ። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተጠቀሰው ባሪያ ስም ነው።

ያገኙትን ሰላም ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነሡ። በልጅነታቸው ከአገራቸው በመወሰዳቸው የጎደላቸውን ቃል፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ሞላችላቸው። ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር ታተመ።

እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ሲያስተምሩ ተከሰሱ፤ እንዳይሰብኩም ተከለከሉ። ቆይተውም እ.ኤ.አ. በ1916 ፈቃድ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሂካ ተብለው የተወለዱት ሰው ስማቸውን በሥራቸው ፈጸሙ። ከእናታቸው የተነጠቁት ልጅ፣ ነፍሳቸው ያረፈችበትን ቃል በእናታቸው ቋንቋ ለወገናቸው አወረሱ።