ራሴላስን የጻፈው ሰውዬ

እዚህ አሐድ አል-መሳርሐ ሐበሺያ ይሉናል፤ በድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም አገራችን አቢሲኒያ ነች። በዚያ ስም ስለ እኛ ከጻፉት አንዱን፣ ሳሙኤል ጆንሰንን፣ ላስተዋውቃችሁ።

በ1709 እ.ኤ.አ. ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከመጽሐፍ ነጋዴ ተወለደ። ኦክስፎርድ ገብቶ ገንዘብ ስላጠረው ትምህርቱን አቋረጠ። በ1735 ሎቦ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ስለ አገራችን የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። በ1755 ደግሞ ከ40 ሺህ በላይ ቃላት ያሉት መዝገበ ቃላት አወጣ። የቃሉን ፍቺ የድሮ ደራስያን እንዴት እንደተጠቀሙበት እያሳየ ነው የጻፈው።

በ1759 እናቱ ሊችፊልድ ስታርፍ እሱ ለንደን ነበር፤ አልደረሰላትም። ለቀብሯና ለተረፈባት ዕዳ እንዲሆን ብሎ የአቢሲኒያውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ ማታ ማታ በአንድ ሳምንት ጻፈ። ስሙ ሎቦ ከጠቀሰው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጣ ነው ይባላል። ራስ እኮ የኛ ማዕረግ ነው፤ እነሱ ጋ ግን የልጅ ስም ሆነ!

ጆንሰን አገራችንን ሳያይ በ1784 አረፈ። እህቶቼ፣ እናቱን ሳይቀብር ለቀብሯ የሠራ ሰው የኛን ሆድ ያውቀዋል እላለሁ። ለእናቶቻችን ዕድሜ ይስጥልን፣ ለአፈር ሳይሆን ለዓይናቸው ያብቃን።