ሚሽካ ባቢቼፍና ባለ ድርብ ክንፉ አውሮፕላን

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አጠገብ አሳረፈ። በ1901 ዓ.ም. ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ሚሽካ ባቢቼፍ በረራን የተማሩት በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው።

ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይደክማል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይሻል። እኛ መሐንዲሶች ይህን ከሠንጠረዥ እናነበዋለን፤ እርሳቸው ግን በእጃቸው ተማሩት።

በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ብቻቸውን በመብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አብራሪ ሆኑ፤ አስፋው አሊም ተከተሏቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ሲወር በጣት የሚቆጠሩት አውሮፕላኖቻችን ለውጊያ የሚበቁ ስላልነበሩ መልእክትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ባቢቼፍ ከነጻነት በኋላ በሞስኮ በዲፕሎማትነት አገልግለው በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ።