ወይዘሮ ጉስታቫና የሱፍ ክር

የጌዴኦ ደጋ ብርዱ ብርቱ ነው። ከዲላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ ቡናው እየቀረ፣ እንሰቱና ገብሱ እየበዛ ሲሄድ ያያል፤ ማለዳም ጉም ይቀበለዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ጡትና ገላ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሙቀቱን የሚጠብቅለት ልብስ ነው። የአራስ ልጅ ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ነውና ብዙ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ በሹራብ መርፌ ወይም በኪሮሽ የተሠራች አንዲት ትንሽ ቆብ ከብርድ ትጋርደዋለች። ይህችን የመሰለች ሥራ በዓይን ሲያዩዋት ትንሽ ናት። ነገር ግን የእጅ ሥራ ከሠሪው ቤት ወጥቶ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የወይዘሮ ጉስታቫ ኪላንድ ሕይወት ያስተምራል።

ወይዘሮ ጉስታቫ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ዓመተ ምሕረት፣ በኖርዌይ አገር፣ የብር ማዕድን ይወጣባት በነበረችው በኮንግስበርግ ከተማ ተወለዱ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ኖርዌይ በሰሜን ዳርቻ ያለች አገር ናት፤ ክረምቷ ረጅም፣ የክረምቷም ቀን አጭር ነው። በ1824 ገብርኤል ኪላንድ የሚባሉትን ቄስ አገቡ። ባላቸው መጀመሪያ ፊንዮይ በምትባል ደሴት፣ ከ1837 ጀምሮም ሊንግዳል በሚባል የገጠር አገር አገለገሉ። በዚያ ዘመን የቄስ ቤት እንደ ባላገር ቤት ነበረ፤ ከብት ይረባበታል፣ በግ ይሸለትበታል፣ ሱፍ ይፈተልበታል። ወይዘሮ ጉስታቫም ልጆቻቸውን እያሳደጉ ይህን ሁሉ ያስተዳድሩ ነበር።

በ1842 በስታቫንገር ከተማ የኖርዌይ የሚሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩም ወዲያው መልእክተኞቹን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ዙሉ ሕዝብ ላከ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። የሊንግዳል ሴቶች ግን ገንዘብ አልነበራቸውም። ከድህነታቸውም በላይ ሕጉ ያስራቸው ነበር፤ በኖርዌይ ያገባች ሴት በራሷ ገንዘብ ለማዘዝ መብት ያገኘችው በ1888 ነውና። ከኪሷ አውጥታ የምትሰጠው የሌላት ሴት በእንዲህ ያለ ነገር ምን ድርሻ ሊኖራት ይችላል?

ወይዘሮ ጉስታቫ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያገኙት በየቤቱ ካለው ነገር ነው። ገንዘብ የሌላት ሴት ሱፍ አላት፤ ሱፍም ባይኖራት ሁለት እጅና የአንድ ምሽት ጊዜ አላት። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የሰበካውን ሴቶች ወደ ቤታቸው እየጠሩ የሴቶች የሚሲዮን ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም በኖርዌይ ከተቋቋሙት እንዲህ ካሉት ማኅበሮች መጀመሪያ ከሚቈጠሩት አንዱ ነው። የማኅበሩ ሥርዓት ቀላል ነበረ። ሴቶቹ ተቀምጠው ሲፈትሉ፣ ሲሰፉ፣ ሹራብ ሲሠሩ አንዷ ከሩቅ አገር የመጣውን ደብዳቤ ታነብላቸዋለች። በኢትዮጵያ እናቶች ቡና እስኪፈላ ድረስ እንዝርታቸውን እያሾሩ ወግ እንደሚያወጉ፣ እነዚያም እጃቸው ሲሠራ ጆሮአቸው ይማር ነበር።

እንዲህ ባሉ ማኅበሮች የተሠራው የእግር ሹራብና የእጅ ጓንት በመንደሩ መካከል ይሸጣል፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበሩ ሣጥን ይገባል። ሹራብ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው ሥራው በጥቂት በጥቂቱ የሚያድግ ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ከበታቹ ያለውን ይይዛል፤ አንዱ ካመለጠና ካልተመለሰ ግን ከበታቹ ያለው ይተረተራል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚፈልገው ጕልበትን ሳይሆን ትዕግሥትንና ጥንቃቄን ነው።

በ1854 ባላቸው ሲሞቱ ወይዘሮ ጉስታቫ መበለት ሆነው ወደ ስታቫንገር ሄዱ። በሽምግልናቸውም ዓይናቸው ደከመ። ያን ጊዜ ሥራ አለቀ ብለው አልተቀመጡም፤ የሕይወታቸውን ታሪክ በቃል እየተናገሩ አስጻፉ፤ ታሪኩም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ለልጆች የደረሱት የገና መዝሙር ደግሞ እስከ ዛሬ በኖርዌይ ቤቶች ይዘመራል። በ1889 ዐረፉ።

ማኅበሩ ግን ከእርሳቸው ጋር አልሞተም። ያ ምሳሌ ከሰበካ ወደ ሰበካ አልፎ፣ ዘመኑ ሳያልቅ የሴቶቹ ማኅበሮች በሺህ የሚቈጠሩ ሆኑ፤ ለሚሲዮን ከሚሰበሰበውም ገንዘብ ትልቁን ድርሻ እነርሱ ያመጡ ነበር። ሆኖም ገንዘቡን የሚያመጡት ሴቶች ገንዘቡ እንዴት ይሠራበት ተብሎ ሲመከር ብዙ ዘመን ድምፅ አልነበራቸውም። በኖርዌይ የሚሲዮን ማኅበር ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1904 ነው፤ የአገራቸው መንግሥት ይህን መብት ለሴቶች ሁሉ የሰጠው ከዚህ በኋላ በ1913 ነው። እንግዲህ ያ የሱፍ ክር የተቸገረን ከመርዳት አልፎ ሠሪዎቹንም ወደ ምክር አዳራሽ ጐትቶ አስገባቸው።

በ1891 ለቻይና አገር ተብሎ የተቋቋመ ሌላ የኖርዌይ የሉተራን ሚሲዮን ነበረ። እርሱም እንደዚሁ በየመንደሩ ባሉት ማኅበሮች ስጦታና በባዛር ገቢ የሚደገፍ ነበረ። የዚህ ሚሲዮን ሰዎች በ1948 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በደቡብም በይርጋዓለምና በዲላ ሠሩ፤ ትምህርት ቤትና የሕክምና ቤት ከፈቱ። ወይዘሮ ጉስታቫ የጌዴኦን አገር አላዩም፤ ስሙንም ሳይሰሙ ሞቱ። ነገር ግን እርሳቸው በሊንግዳል ያሳዩት ልማድ፣ እርሳቸው ካረፉ ከኀምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ወደዚህ ለመጡት መልእክተኞች ስንቅ ሆነ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚለው ተረት እንዲህ ባለ ነገር ይፈጸማል። ስለዚህ ለጎረቤቷ አራስ ልጅ ቆብ የምትሠራ ልጃገረድ ሥራዬ ትንሽ ነው ብላ አትፈር፤ የጀመረችውንም ቀለበት ሳታመልጥ ትጨርስ። ስጦታውን የሚቀበልም ሰው የሠራችውን እጅ ብቻ አያመስግን፤ በምክርም ጊዜ ቦታ ይልቀቅላት። እጇ የሚፈለግ ሰው ቃሏም ሊሰማ ይገባልና።