ያኮብ ቢየርክኔስ፤ ከሳይክሎን እስከ አየር ንብረት

በአየር ትንበያ ካርታ ላይ የሞቃትና የቀዝቃዛ አየር መገናኛ ሆነው የሚሰመሩት መስመሮች መነሻቸው አንድ የ21 ዓመት ወጣት የጻፉት የስምንት ገጽ ጽሑፍ ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት በሩቅ አገሮች የአየር ንብረት ላይ ለውጥ የሚያስከትልበትን መንገድ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ያበረከቱትም እኒሁ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ዕድሜያቸው 71 ደርሶ ነበር። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የሚገኘው የ50 ዓመት ጊዜ የኖርዌያዊው ሊቅ የፕሮፌሰር ያኮብ ቢየርክኔስ የምርምር ሕይወት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢየርክኔስ ኖቬምበር 2 ቀን 1897 በስቶክሆልም ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ካርል አንቶን የሒሳብ ሊቅ ሲሆኑ፣ አባታቸው ቪልሄልም ደግሞ የአየር ጠባይ በፊዚክስ ሕግጋት ተሰልቶ ሊተነበይ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1904 ያቀረቡ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። አባትየው በጀርመን አገር የላይፕዚግን የጂኦፊዚክስ ተቋም ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ ነፋሳት በሚገናኙባቸው መስመሮች ላይ ጥናት የጀመረው ኸርበርት ፔትሶልት የተባለ ተማሪ በ1916 በቬርደን ጦርነት ሞተ። ጥናቱንም ወጣቱ ያኮብ ተረከቡት።

በ1917 ቤተሰቡ ወደ ኖርዌይ ተመልሶ በበርገን ከተማ ተቀመጠ። ኖርዌይ በጦርነቱ ገለልተኛ ብትሆንም ከውጭ የምታስገባው እህል ስለቀነሰ የምግብ እጥረት አስጊ ሆኖባት ነበር። ከዚህም የተነሣ ገበሬው ሰብሉን ከዝናብ እንዲያድን የአየር ትንበያ የግድ አስፈለገ። ይሁን እንጂ ተዋጊዎቹ መንግሥታት የአየር ጠባይን ወሬ ወታደራዊ ምሥጢር ስላደረጉት፣ ከብሪታንያና ከሰሜን ባሕር ይደርስ የነበረው መረጃ ተቋርጧል። አባትና ልጅ የጎደለውን ከአገር ውስጥ ለማሟላት ወሰኑ። በ1918 የምልከታ ጣቢያዎች ቁጥር አሥር እጥፍ ገደማ አደገ፤ የመብራት ማማ ጠባቂዎችና ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ያዩትን የነፋስና የደመና ሁኔታ ያስታውቁ ጀመር። ያኮብም በ20 ዓመታቸው የበርገን ትንበያ ኃላፊ ሆኑ።

ቀድሞ ሳይክሎን፣ ማለትም በዝቅተኛ ግፊት ማዕከል ዙሪያ የሚሽከረከረው ነፋስ፣ በሁሉም በኩል ተመሳሳይ የሆነ አዙሪት ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ተቀራርበው ከተተከሉት ጣቢያዎች የተገኘው መረጃ በካርታ ላይ ሲሰፍር ግን ሌላ ቅርጽ ታየ። በ1919 የታተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሳይክሎን ውስጥ ከደቡብ የሚገባ የሞቃት አየር ምላስ አለ። በስተፊቱ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ በስተኋላው ደግሞ ቀዝቃዛው እንደ ሽብልቅ ከሥሩ እየገባ ያነሣዋል። አብዛኛው ደመናና ዝናብ የሚፈጠረውም በእነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ነው። መስመሮቹ ከጦር ሜዳ በተወሰደ ቃል ግንባር ተባሉ። ከዚያም በ1922 ቢየርክኔስ ከሃልቮር ሶልበርግ ጋር ሆነው የሳይክሎንን ልደት፣ ዕድገትና ሞት አስረዱ።

በ1939 ለንግግር ወደ አሜሪካ እንደ ሄዱ፣ በተከታዩ ዓመት ጀርመን ኖርዌይን ስለ ወረረች በዚያው ቀሩ። በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚቲዎሮሎጂን ትምህርት አቋቁመው ለጦር አየር ኃይሉ የአየር ጠባይ መኮንኖችን አሠለጠኑ።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ውቅያኖስ መለሱ። በሕንድ የምልከታ ጣቢያዎች ዋና ዳይሬክተር የነበሩት እንግሊዛዊ ጊልበርት ዎከር በሕንድ ውቅያኖስና በፓሲፊክ ላይ የአየር ግፊት እንደ ሚዛን አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ ቀደም ሲል ደርሰውበት ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የተሰበሰበው መረጃ፣ ኤል ኒኞ የሚባለው የባሕር ሙቀት በፔሩ ጠረፍ ብቻ ሳይወሰን እስከ ፓሲፊክ መካከል እንደ ተዘረጋ አሳየ። ቢየርክኔስ በ1969 ሁለቱን ነገሮች አገናኙ። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲዳከም ሞቃቱ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ የምሥራቁ ባሕር መሞቅም በተራው ነፋሱን ይበልጥ ያዳክመዋል። ከምድር ወገብ በላይ የሚገኘውን ይህን የአየር ዑደት በዎከር ስም ሰየሙት። ጁላይ 7 ቀን 1975 በሎስ አንጀለስ አረፉ።

ይህ ግኝት ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በኤል ኒኞ ዓመታት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በ2015 ብርቱ ኤል ኒኞ በመከሠቱ ድርቅ ደርሶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኗል። የወቅት ትንበያ የፓሲፊክን ሙቀት የሚከታተለው በዚህ ምክንያት ነው። ቢየርክኔስ በሁለቱም ጊዜ ወደ ፍች የደረሱት ቀድሞ ባዶ በነበረ ቦታ የተወሰደ ልኬት ሲያገኙ ነው። ግድብ ወይም የመስኖ ቦይ የሚነድፍ ባለሙያም የሚተማመነው በየገጠሩ በተተከለው የዝናብ መለኪያና መዝገቡን በየቀኑ በሚሞላው ሰው ላይ ነው፤ መዝገቡ ከተቋረጠ የጎደለው ዓመት በስሌት ቢገመትም ግምቱ የተለካውን ያህል አስተማማኝ አይሆንም።