ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ አገር

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ስም መረጡ። እኛ ግን ጦርነት ያላሸነፈ፥ መጽሐፍ ያልጻፈ፥ ሥራ ሳይዝ በተማሪነቱ ያረፈ አንድ ልጅ መረጥን። ይኸውም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ልዑል ስለ ሆነ አንቱ ማለት ይገባን ነበር፤ ዳሩ ግን ያረፈው በ18 ዓመቱ፥ አሁን እኛ በደረስንበት ዕድሜ ስለ ሆነ፥ አንባቢ እንደ ድፍረት ሳይቈጥርብን እንደ ክፍል ጓደኛ እርሱ እያልን እንጽፋለን። ዓመቶቹም በአገራችን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዓለማየሁ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት በዐፄ ቴዎድሮስ ድል የተነሡ ናቸውና ጋብቻው የአሸናፊና የተሸናፊ ቤት ጋብቻ ነበረ። በዚያ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ዋና መቀመጫ ደብረ ታቦር ነበረች። ለእኛ ለባሕር ዳርና ለዓባይ ማዶ ልጆች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ በ1858 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዘጌ ሰፍረው፥ የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን ከባሕሩ ወዲያ በቆራጣ አስቀምጠው፥ በጣና ላይ መልእክት ይመላለስ ነበር። በዚያው ክረምት መግቢያ በሠራዊቱ መካከል የኮሌራ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ስላለቀ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ።

የጠቡ መነሻ በሁላችን ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ አናስረዝመውም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ቀረባቸው፤ ተቈጥተው ቆንሲሉንና ሌሎችንም አውሮፓውያን አሰሩ። እንግሊዝም 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ላከች። በፋሲካ ማግስት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ራሳቸውን መግደልን መረጡ። ከአምባው የተዘረፈውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከዚህ ሁሉ ጋር ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅም ከአምባው ወረደ። አባቱ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው በእንግሊዞች እጅ እንዲያድግ ፈቅደው ነበር የሚሉት እንግሊዞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ምስክሩም ተጠቃሚውም አንድ ሲሆን አንባቢ ይፍረድ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ሞቱ፤ በትግራይም በጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ዓለማየሁ በአንድ ወር ውስጥ አባቱንም እናቱንም አጣ። ከዚያ በኋላ የቀረው ዘመዱ እንግዳ ሰው ሆነ። ይህም ካፒቴን ስፒዲ የሚባለው፥ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፥ ጢሙ ቀይ የሆነ እንግሊዛዊ ነው። ስፒዲ ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሎ ባሻ ፈለቀ ይባል ነበር፤ አማርኛም ይናገር ነበር። ልጁ ሌሊት ሌሊት እየደነገጠ ያለ እርሱ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር ይባላል። አብረውት ከአገር የወጡት ኢትዮጵያውያን አሽከሮች ሁሉ ስለ ተመለሱ በሐምሌ 1860 እንግሊዝ አገር ሲደርስ በቋንቋው የሚያነጋግረው ስፒዲ ብቻ ነበረ።

መጀመሪያ የተቀመጠው ዋይት በምትባል ደሴት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያው ደሴት በኦዝበርን ባለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው ወደዱት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ጉዳዩን ከመጠየቅ አልቦዘኑም። በዚያን ጊዜ ስሟ የገነነው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችውን ሥዕል አይተናል። ልጁ የአገሩን ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ፈገግታ የሚባል ግን በፊቱ ላይ የለም።

ስፒዲ ሚስት አግብቶ በፖሊስ ሹመት ወደ ሕንድ አገር፥ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ ሲሄድ ዓለማየሁን ይዞት ሄደ። እነዚህን ሦስት ዓመታት የደስታው ዘመን ብንላቸው አንሳሳትም፤ ቢያንስ እናት የምትተካ ሴትና አባት የሚተካ ሰው ነበረው። ዳሩ ግን የልጁን ቀለብ የሚከፍለው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ስለ ሆነ፥ የግምጃ ቤቱ ሹም ሮበርት ሎው ልጁ ተመልሶ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት እንዲገባ ቈረጠ። ልጁ አለቀሰ፤ የሰማው የለም። በ1864 ዓ.ም. በቼልትናም ኮሌጅ ገባ፤ የኮሌጁ አለቃ ዶክተር ጀክስ ብሌክም በቤቱ አኖረው። ሰውየው በ1866 ዓ.ም. የራግቢ ትምህርት ቤት አለቃ ሲሆን እርሱንም ይዞት ሄደ።

ራግቢ በእጅ ይዘው ለሚሮጡበት የኳስ ጨዋታ ስሙን የሰጠ ትምህርት ቤት ነው። ዓለማየሁ በጨዋታው ጐበዝ፥ በጠባዩም በጓደኞቹ ዘንድ የተወደደ ነበረ፤ መጽሐፉ ግን አልገፋለትም። አስተማሪዎቹ ይህን እንደ ስንፍና ቈጥረውት ይሆናል። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ከቈጠርን ጀምሮ በሰው ቋንቋ ሒሳብና ጂኦግራፊ መማር ምን እንደ ሆነ ስለምናውቅ እንዲህ በቀላሉ አንፈርድበትም። እኛ ማታ ቤታችን ገብተን በአማርኛ እንስቃለን፥ በአማርኛ እንቈጣለን። እርሱ ግን ይህ አልነበረውም፤ ቀስ በቀስም የእናቱን ቋንቋ ረሳው። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት እየናፈቁ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። የአያቱን ደብዳቤ አስተርጓሚ ካላነበበለት የማይረዳ ልጅ ምን ዓይነት ሐዘን እንደሚሰማው ልንገምት እንሞክራለን፤ አይሆንልንም።

ወደ አገሩ ለመመለስ እንደሚናፍቅ በግልጥ ተናግሯል፤ ሹማምንቱ ግን ነገሩን ቶሎ ዘጉት። የንጉሥ ልጅ ነውና በኢትዮጵያ ሁከት ያስነሣል ብለው ፈርተው ይሁን፥ ወይም የሚያስብበት ሰው ጠፍቶ፥ ብቻ ቀረ። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ ሲታዩ ክፉዎች አልነበሩም። አበሉት፥ አለበሱት፥ ከልጆቻቸው ጋር አስቀመጡት። አንድ ነገር ብቻ አላደረጉም፤ ፈቃዱን ጠይቀው አልፈጸሙለትም።

በ1870 ዓ.ም. መኰንን እንዲሆን ተብሎ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። አልተስማማውም፤ ዓመቱን በደስታ ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ የተላከው ወደ ሊድስ ከተማ ነው። ሲሪል ራንሰም የሚባል የታሪክ አስተማሪ በዚያ በዮርክሸር ኮሌጅ ያስተምር ስለ ነበር ልጁን በቤቱ ተቀብሎ ለብቻው እንዲያስጠናው ተደረገ። ኮሌጁ በኋላ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው።

ሊድስ በሰሜን እንግሊዝ ያለች የሱፍ ጨርቅ ከተማ ናት። የባሕር ዳር ሰው በመኪና ሲፈተልና ሲሸመን ያየው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው፤ ሊድስ ግን ያን ጊዜ በፋብሪካ መኖር ከጀመረች ወደ መቶ ዓመት ይጠጋት ነበር። ኤር የሚባለው ወንዝ በፋብሪካዎቹ መካከል ጠቁሮ ያልፋል፤ የድንጋይ ከሰል ጢስ ሰማዩን ይሸፍናል። የራንሰም ቤት ጢሱ በሚቀንስበት በሄዲንግሊ ኰረብታ በኩል ነበረ። ቢሆንም በኅዳር ወር በዚያ አገር ፀሐይ በእኛ ሰዓት ገና 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በጣና ዳር በዚያ ወር ሰማዩ ጠርቶ ጤፍ ይታጨዳል።

በዚያ ብርድ መታው፤ ሕመሙም ወደ ሳንባው ገባ። ሰው መርዝ አብልቶኛል ብሎ ስለ ጠረጠረ መብልም መድኃኒትም እንቢ አለ። ይህን የጻፉ ሰዎች የበሽታው ቅዠት ነው ይላሉ፤ እንዲያም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ያደገ ሕፃን አሳላፊ ሳይቀምስ ለንጉሥ መብል እንደማይቀርብ አይቷል፤ ሁሉን ሲረሳ ይህችን ሳይረሳ ቀርቶ ይሆን? ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በራንሰም ቤት ዐረፈ። ዕድሜው 18 ዓመት ከ7 ወር ነበረ።

ንግሥት ቪክቶሪያ እጅግ አዘኑ። ዘመድ በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን፥ በሕይወቱም ሳለ ሰዎች ስለ መልኩ አተኵረው የሚያዩት እየመሰለው ይጨነቅ እንደ ነበረ በዕለት መዝገባቸው ጽፈዋል። በትእዛዛቸውም በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ፤ በውስጥ በኩል በግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ናስ ተተከለለት። በናሱ ላይ የተቀረጸው በማቴዎስ ወንጌል እንግዳ ሆኖ የመጣውን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ነው። ያን ምዕራፍ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቃላችን አጥንተነዋል፤ ቃሉ ቅዱስ ነው። ነገር ግን እንግዳ የምንለው በእግሩ መጥቶ በር ያንኳኳውን ሰው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሊከበር ሲል ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ንግሥት ኤልሳቤጥን ጠየቁ። ጥያቄው ከዚያ በኋላም ተደጋግሞ ቀረበ፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳይነካ እርሱን ማውጣት አይቻልም ሲል እንቢታውን አስታወቀ። በመቅደላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ላይ የተቈረጠው ጠጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሶ ነበር። ከልጁም የተገኘው ያው ጠጉር ነው፤ በካፒቴን ስፒዲ ዘሮች እጅ ተጠብቆ የኖረ አንድ ቍንጮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በለንደን በተደረገ ሥነ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ዐፅሙ እስካሁን በዊንድሶር ነው።